ከዶሮ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ስለ ማደር

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ማድ ቤት ንጽሕናና ስለ መኝታ ቤት አየር ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው በብዙዎቻችን ቤት ስለሚያድር፤ ነገር ግን ከቤተ ሰብ ስለማይቈጠር አንድ ፍጥረት ነው፤ ይኸውም ዶሮ ነው። ነገሩ ለተማረ ሰው የማይገባ ተራ ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፤ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንዲያነብልን እንለምነዋለን።

ባለፈው ታኅሣሥ ወር፤ የገና በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው፤ በደብረ ብርሃን ከተማ ከአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት አድረን ነበር። ወዳጃችን በመንግሥት ሥራ የሸመገሉ፤ መጽሐፍ የሚያነቡ፤ ልጆቻቸውንም በሚገባ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ቤታቸውም ንጹሕ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ እንዴት እንደ ሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ውርጩ ሣሩን ነጭ ያለብሰዋል፤ በደጅ የተረሳ የውሃ ዕቃም በማለዳ ስስ በረዶ ለብሶ ይገኛል። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ዶሮዎቻቸውን ከማድ ቤቱ ጥግ፤ ሕፃናቱና ሠራተኛይቱ ከሚተኙበት ክፍል በመጋረጃ ብቻ በተለየ ስፍራ፤ ቆጥ አሠርተው ያሳድሯቸዋል። ለበዓሉ ከገበያ የተገዙ ሦስት አዳዲስ ዶሮዎችም ከቀድሞዎቹ ጋራ ተቀላቅለው ነበር።

በሌሊት ዶሮዎቹ እንደ ሰው ሲያስነጥሱና ጉሮሯቸው ሲያፏጭ ሰማን። በነጋ ጊዜ ሁለቱ ከቆጡ ሥር ሞተው ተገኙ፤ ሦስተኛይቱም ክንፏን ጥላ፤ አንገቷ ተጠማዞ ቆማ ነበር። እመቤቲቱ አይተው «ፈንግል ገባብኝ» አሉና አዘኑ። ወዲያውም እንደ ልማድ ሦስት ነገር ታዘዘ። የሞቱት ሁለቱ ከአጥር ውጭ ለውሻ ተጣሉ። ገና ያልታመሙ የመሰሉት አራቱ «ሳይሞቱ ይሸጡ» ተብለው በጎረቤት ልጅ እጅ ወደ ገበያ ሄዱ። አንገቷ የተጠማዘዘችውም ጾም ለማይጾሙት ሕፃናት ወጥ ትሁን ተብላ ታረደች፤ ስድስት ዓመት የሞላት የቤቱ ልጅም ከሠራተኛይቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ላባ በመንጨት ረዳች። ወዳጃችን «ጮርቃው ሳይጠፋ ትርፉን ማዳን ነው» ብለው ሳቁ። እኛም በእንግድነት ይሉኝታ ተይዘን፤ የምናውቀውን ሳንናገር ቡናችንን ጠጥተን ወጣን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ ዝምታችን ስለ ተጸጸትን ነው።

ከዚያ ቤት ማንም አልታመመም። ዶሮዎቹን የገደላቸውም በእውነት ፈንግል ሳይሆን አይቀርም። ፈንግል የዶሮ ጠላት እንጂ የሰው ጠላት አይደለም፤ ሰውን ቢነካው ዓይኑን ጥቂት ቀን ከማቅላት በቀር ብዙ ጉዳት አያደርስም። ነገሩ የሚከፋው ፈንግልን የሚመስል ሌላ በሽታ በዓለም ላይ በመኖሩ ነው። እርሱም የወፍ ጉንፋን የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ዐይነት ነው። በዚያም ቢሆን ዶሮዎች በድንገት በብዛት ይሞታሉ፤ ራሳቸውና ኩክኒያቸው ያብጣል፤ ጕትያቸው ይጠቁራል፤ ዕንቍላል መጣል ያቆማሉ፤ ያስነጥሳሉ፤ አንዳንዶቹም አንገታቸው ይጠማዘዛል። የእንስሳት ሐኪሞች እንኳ ሁለቱን በዓይን አይተው ለመለየት አይደፍሩም፤ ናሙና ወስደው በሰበታ ከተማ እንዳለው ባለ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ቤት ማስመርመር ይኖርባቸዋል። የደብረ ብርሃን የማድ ቤት ሠራተኛ እንግዲህ በምን ትለየው?

ስለዚህ ትልቁን ፍርሃታችንን በግልጥ እንናገር። ፈንግል በየጊዜው ስለሚመጣና ሰውን ስለማይገድል፤ የታመመውን ዶሮ ማረድን፤ ያልታመመውን መሸጥን፤ የሞተውን መጣልን እንደ ጥሩ የቤት አስተዳደር እንድንቈጥር አስተምሮናል። ያን ሌላውን በሽታ ከዶሮ ወደ ሰው የሚያሻግሩት መንገዶችም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። በፈንግል ዘመን የለመድነው እጅ፤ የወፍ ጉንፋን በመጣ ቀን ይህንኑ ሳያስብ ይደግመዋል።

«ጉንፋን ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእርሱ አያቶቻችን ያዩትን እናስታውሰው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባ የገባውና ከዚያ ወዲህ የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚጠራው መቅሠፍት ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በከተማይቱ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። የቀባሪ ጕልበት ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ ቀርቷል፤ ሐኪሞች ራሳቸው ታመዋል፤ ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ለጥቂት ድነዋል። በዓለም ሁሉ የሞተው ሰው 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ሊቃውንት ይናገራሉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ጥራጊ እየተሰበሰበ ሲቃጠል የምናየው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። (ጥራጊውን መጥረጉን እንወድደዋለን፤ ጢሱ ግን በሽታውን እንደማያባርር፤ የሕፃናትን ሳንባ ግን እንደሚጎዳ በዚህ አጋጣሚ ብንናገር ቅር አትሰኙብን።)

ያ በሽታ ከየት እንደ መጣ ለብዙ ዘመን አልታወቀም ነበር። በኋላ ግን የአሜሪካ ሊቃውንት በዚያ ዓመት ከሞቱ ወታደሮች ተቈርጦ ከተቀመጠ ሥጋና በአላስካ አገር በማይቀልጥ በረዶ ውስጥ ተቀብራ ከቆየች አንዲት ሴት ሳንባ ቫይረሱን ፈልገው አገኙት፤ ምርመራውንም በ1998 ዓ.ም. ፈጸሙ። ቫይረስ ማለት በዓይን የማይታይ፤ በሕያው ፍጥረት አካል ውስጥ ካልገባ በቀር ሊባዛ የማይችል ረቂቅ ተውሳክ ነው። መልኩን ባነበቡት ጊዜም የወፎችን ቫይረስ የሚመስል ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ያ አገር ያጠፋ መቅሠፍት ዘሩ ከወፍ እንደ ሆነ አብዛኞቹ ሊቃውንት ያምናሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ባጭሩ እንግለጥ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጥንተ ማደሪያው የዱር ዳክዬ፤ ዝይና ሌሎች የውሃ ወፎች ናቸው። እነርሱ ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ተሸክመውት ይዞራሉ፤ በኩሳቸውም ውሃውን ይበክላሉ። ከዚያ ውሃ የጠጣች ዶሮ ትይዘዋለች፤ በዶሮዎች መካከልም ሲመላለስ ጠባዩ እየከፋ ይሄድና መንጋ በሁለት ቀን የሚፈጅ ይሆናል። በአውሮጳና በእስያ ክረምት ሲገባ ብዙ ሺህ ወፎች ብርዱን ሸሽተው በስምጥ ሸለቆው መስመር ወደ አገራችን ይወርዳሉ። ከአንኮበር አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የአፋርን ቆላ የተመለከተ ሰው፤ የእነዚህ እንግዶች ጐዳና ከእግሩ ሥር እንዳለ ያስተውል። ወፎቹ ጥፋተኛ ናቸው ብለን እንዲገደሉ መምከራችን አይደለም፤ እነርሱ ፍጥረታቸው ነው። እኛ ልንጠብቅ የሚገባን የዶሮዎቻችንን የመጠጥ ውሃ ነው።

የወፍ ቫይረስ ሰውን እንደ ልቡ አይዘውም። ሊጣበቅበት የሚፈልገው የአካል በር በወፍ ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ በሰው ዘንድ ግን ይበልጡን በሳንባ ጥልቅ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ሰው የሚይዘው ብዙ ቫይረስ በአንድ ጊዜ ሲተነፍስ ነው፤ ለምሳሌ የታመመች ዶሮ ስታርድ፤ ላባ ስትነጭ፤ ሆድ ዕቃ ስታወጣ፤ ወይም የደረቀ ኩስ ስትጠርግና ትቢያው ሲቦንን። ሁለተኛም አደጋ አለ። ይህ ቫይረስ ጠባዩ የተጻፈበት ነገር ስምንት ቁራጭ ነው፤ ሁለት ልዩ ልዩ ዐይነት በአንድ አካል ውስጥ ቢገናኙ ቁራጮቻቸውን ይለዋወጡና ከሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ይወለዳል። አሳማ የወፉንም የሰውንም ስለሚቀበል ለዚህ መለዋወጥ የተመቸ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዓለምን የዞረውና በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ወደ አገራችን የደረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከአሳማ የተነሣ ነበር። በደብረ ብርሃን አሳማ የሚያረባ ብዙ ሰው እንደሌለ እናውቃለን። ነገር ግን በታኅሣሥ ብርድ ጉንፋን ይዞት የሚያስል ሰው የታመመች ዶሮ ቢያርድ፤ የሰው ቫይረስና የወፍ ቫይረስ በራሱ ሳንባ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉና፤ መለዋወጫውን ከአሳማ ዘንድ ብቻ አንፈልገው።

ስለ ብርዱም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ሰዎች «ደጋ ጤና ነው፤ በሽታ የቆላ ነው» ይላሉ። ስለ ወባ ቢሆን እውነት አላቸው፤ ስለዚህ ነገር ግን ፈጽመው ተሳስተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው ይህ ቫይረስ በዶሮ ኩስ ውስጥ ሆኖ በ37 ዲግሪ ሙቀት 6 ቀን ያህል ሲቆይ፤ በ4 ዲግሪ ብርድ ግን እስከ 35 ቀን ድረስ ሳይሞት ይቆያል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ለወር ያህል ያስቀምጠዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሰውንና ዶሮን በአንድ ክፍል የሚሰበስባቸው ይኸው ብርድ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፤ አየሩ አይለወጥም፤ ሕፃናትም ከቆጡ ሥር በወደቀው ኩስ ላይ ይድሃሉ።

የወፍ ጉንፋን በሰው ላይ የታየው መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ ከተማ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ሕፃን ገደለ፤ በ1990 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ ተመልሶ መጣና በጠቅላላው 18 ሰዎች ታመው 6ቱ ሞቱ። የከተማይቱም መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮ አስፈጅቶ አቆመው። በሽታው ኤች5ኤን1 የሚል የቁጥር ስም ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሌሎች አገሮች እንደ ገና ተነሥቶ በእስያ፤ በአውሮጳና በአፍሪካ ተስፋፋ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለዓለም ጤና ድርጅት የተነገሩት የታመሙ ሰዎች ከ950 ይበልጣሉ፤ ከእነርሱም ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሞተዋል። ቁጥሩ ከወባ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነገር ግን ከሁለት በሽተኛ አንዱን የሚገድል ነገር ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ መተላለፍ የተማረ ቀን ምን እንደሚሆን ማሰብ ለአስተዋይ ሰው አያዳግትም።

ለእኛ ግን ከሆንግ ኮንግ ይልቅ የግብጽ ነገር ይቀርበናል፤ የኑሮው ልማድ ይመሳሰላልና። በግብጽ በሽታው በ1998 ዓ.ም. በየካቲት ወር ገባ፤ በተከታታይ ዓመታትም ከ350 በላይ ሰዎችን ይዞ 120 ያህሉን ገደለ። ከታመሙት ብዙዎቹ ትልልቅ የዶሮ እርባታ ያላቸው ባለጠጎች አልነበሩም፤ በግቢያቸው ወይም በሰገነታቸው ጥቂት ዶሮና ዳክዬ የሚያረቡ ሴቶችና ከእነርሱ የማይለዩ ሕፃናት ነበሩ። ዶሮውን የምትመግበው፤ የምታርደው፤ የምትነጨው እናት ናት፤ ከእግሯ የማይለየውም ልጇ ነው። ወደ ጎረቤታችን ወደ ጅቡቲም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ገብቶ የሁለት ዓመት ሕፃን ልጅ ይዟል፤ ሱዳንም ዶሮዎቿ ታመውባት ነበር። በዚያ የ1998 ዓ.ም. ወራት ኢትዮጵያ በበሽታው ተከብባ ነበር ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ በአገራችን የሆነውን ብዙ ሰው ረስቶታል። በጉራጌ አገር በጉብሬ በሚገኝ የዶሮ ማርቢያ ብዙ ሺህ ዶሮ በድንገት ሞተና «ገባ» የሚል ወሬ ተነዛ። ምርመራው ሲፈጸም የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ተገለጠ። ነገር ግን ወሬው ከምርመራው ቀድሞ ስለ ነበር፤ ሰው ዶሮ መግዛት ፈራ፤ በዕንቍላል ንግድ ልጆቿን የምታሳድግ ድኻ ሴት ሁሉ ያላጠፋችውን ዕዳ ከፈለች። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፤ በሽታን መፍራት ራሱ ሌላ በሽታ ሊሆን መቻሉ ነው። በሚገባ የበሰለ የዶሮ ወጥና የበሰለ ዕንቍላል ማንንም አያሳምምም፤ ቫይረሱ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታልና፤ የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ ከማንም አገር ወጥ ይልቅ ብዙ ሰዓት በእሳት ላይ የሚቆይ ነው። አደጋው ከድስቱ ውስጥ አይደለም፤ ከድስቱ በፊት ባለው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለባለ ሥልጣኖች አንባቢዎቻችን የሚነገር ነው። ዶሮዋ የሞተባት ሴት ለግብርና ጽሕፈት ቤት ብታመለክት ምን ታገኛለች? የቀሩት ዶሮዎቿ ይገደሉባታል፤ ጎረቤቶቿ ይሸሿታል፤ የበዓል ገበያዋም ይቀርባታል። ዝም ብትል ግን ቢያንስ አራቱን ትሸጣለች። እንዲህ ከሆነ ማንን ነው የምንወቅሰው? የዶሮዋ ዋጋ ሳይውል ሳያድር የሚከፈላት ካልሆነ፤ እውነቱን እንድትናገር መጠበቅ ከሰው ጠባይ በላይ የሆነ ነገር መጠበቅ ነው። በእኛ አስተያየት ለጥቂት ሺህ ዶሮዎች ካሣ የሚወጣው ገንዘብ፤ በአንድ ሆስፒታል ለአንድ ወር የሚወጣውን አያህልም። የሌማት ትሩፋት የሚባለው ሥራ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻለ ዘር ያላቸው ዶሮዎች በየከተማው ግቢ እየገቡ ነው፤ እኛም በዚህ ደስ ይለናል፤ ዕንቍላል ለሕፃናት የሚሰጠውን ጥቅም በዚህ ገጽ ላይ ስናመሰግን ኖረናልና። ነገር ግን ጫጩት የሚያከፋፍል እጅ ክትባትና የካሣ ሕግም አብሮ ቢያከፋፍል መልካም ነው።

ክትባት ያልነው የፈንግልን ነው፤ መድኃኒቱም በቢሾፍቱ ከተማ እዚሁ አገራችን ይሠራል፤ ዋጋውም ለአንድ ዶሮ ሲታሰብ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ክትባት ለወፍ ጉንፋን አይሆንም። ሆኖም ሌላ ጥቅም አለው፤ ዶሮዎቿን በጊዜው ለፈንግል ያስከተበች ሴት መንጋዋ በድንገት ቢያልቅባት «ፈንግል ነው» ብላ ለማለፍ አትችልም፤ ልቧ ይጠራጠራል፤ ለሐኪምም ትናገራለች። ስለዚህ የፈንግልን ክትባት ያን ሌላውን በሽታ ፈጥኖ ለማወቅ እንደሚያነቃ ደወል እንቈጥረዋለን።

ስለ ወተትም ሳንጽፍ ብናልፍ የሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ይታዘቡናል፤ የደብረ ብርሃንና የሸኖ ወተትና ቅቤ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነውና። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአሜሪካ አገር ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘ፤ የወፍ ጉንፋን በሚታለቡ ላሞች ላይ ታየ። ላሞቹ ብዙዎቹ አልሞቱም፤ ወተታቸው ግን ወፍራምና ቢጫ ሆነ፤ በውስጡም ቫይረሱ በብዛት ተገኘበት። ያልፈላውን ወተት የጠጡ የእርሻው ድመቶች ሞቱ። ከላሞቹና ከዶሮዎቹ ጋራ የሚሠሩ በርከት ያሉ ሰዎችም ተይዘው፤ አብዛኞቹ ዓይናቸው ቀልቶ በቀላሉ ድነዋል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በዚያው አገር በሉዊዚያና ግዛት የሞተው ሰው ግን በሽታው የያዘው በግቢው ከሚያረባቸው ዶሮዎችና ከዱር ወፎች ነበር። በእኛ አገር ላሞች ላይ ይህ ታይቷል ማለታችን አይደለም። ወተት አፍልቶ መጠጣት ግን ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ሌላም ብዙ በሽታ ቀድሞ የሚመከር ነገር ስለ ሆነ፤ አሁን አንድ ምክንያት ተጨመረለት እንጂ አዲስ ትእዛዝ አልመጣም።

ወደ ወዳጃችን ቤት እንመለስ። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ፤ ዝምታችንን ለመካስ ይህን ሁሉ ለእመቤቲቱ ነገርናቸው። በትዕግሥት ሰምተው «ዶሮዎቼን ወደ ደጅ ባወጣቸው ብርዱ ይገድላቸዋል፤ ብርዱ ቢምራቸው ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል፤ ሸለምጥማጥ ቢምራቸው ሌባ ይወስዳቸዋል፤ እናንተ ጋዜጠኞች ለዚህ ምን ትመልሳላችሁ?» አሉን። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፤ ሰው መጥፎ የሚመስለውን ነገር የሚያደርገው በቂ ምክንያት ኖሮት መሆኑን ነው። ዶሮ ከቤት ውስጥ የገባችው በስንፍና ሳይሆን በርኅራኄና በኢኮኖሚ ነው።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ተማከርን። ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውጭ፤ ምድጃው በሚነድበት በኩል፤ ግድግዳውን የተጠጋ ትንሽ የዶሮ ቤት በጭቃና በእንጨት እንዲሠራ ተስማማን፤ የምድጃው ሙቀት በግድግዳው አልፎ ይደርሳቸዋል፤ ከውስጥ ግን በር አይኖረውም። ወለሉ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በጭድ ይነጠፋል፤ በሩም በሽቦ ወንፊትና በቁልፍ ይዘጋል። ጭዱን የሚለውጠው ሰው ትቢያው እንዳይቦንን አስቀድሞ ውሃ ይረጭበታል፤ አፍና አፍንጫውንም በጨርቅ ይሸፍናል። የመጠጥ ውሃቸው የቧንቧ ውሃ ይሆናል እንጂ ወደ በሬሳ ወንዝ ዳር ተለቀው እንዳይጠጡ ተባለ።

ስለ በዓል ዶሮም ተነጋገርን። ከገበያ የተገዛ ዶሮ በዚያው ቀን ከቀድሞዎቹ ጋራ መቀላቀሉ ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሁለት ሳምንት ለብቻው መዋልና ማደር ይገባዋል። እመቤቲቱ «ከበዓል ሁለት ሳምንት ቀድሜ ከገዛሁማ ዋጋውም ይረክስልኛል» ብለው ደስ አላቸው፤ እኛ ያላሰብነው ጥቅም ነው። በዕለቱ ለማረድ የተገዛ ከሆነም እስኪታረድ ድረስ በቅርጫት ተደፍቶ ለብቻው ይቆይ። በማረድና በመንጨት ጊዜ ሕፃናት ይራቁ፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው፤ ዶሮው በፈላ ውሃ በሚገባ ተነክሮ ይነጭ እንጂ በደረቁ አይነጭ፤ የነጨውም ሰው እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ። የዚህ ቫይረስ ልብሱ ስብ ስለ ሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል። ወጡን በሎሚና በጨው አሥር ጊዜ የምታጥብ ሴት፤ እጇን አንድ ጊዜ በሳሙና ለመታጠብ አይከብዳትም ብለን እናምናለን።

የታመመ ዶሮ ግን አይታረድ፤ አይሸጥም። ሁለትና ከዚያ በላይ በአንድ ቀን የሞቱ እንደ ሆነ ማንም በባዶ እጁ አይንካቸው፤ ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ እርሱ ካየ በኋላ በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶባቸው ይቀበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ከቤቱ ሰው ብርቱ ትኩሳት፤ ሳል ወይም የዓይን መቅላት የያዘው ቢኖር ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ «ዶሮ ሞቶብን ነበር» ብሎ ይንገር። ይህች አንዲት ቃል ሐኪሙን ከተራ ጉንፋን ወደ ሌላ አሳብ ትመራዋለች፤ ኦሴልታሚቪር የሚባለውም መድኃኒት በሁለት ቀን ውስጥ ቢጀመር ይበልጥ ይረዳልና።

ወዳጃችን በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፤ በመጨረሻ «ያቺን ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ በገና ሰሞን ሳስነጫት ነበር» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኛም ያን ቀን አብረን እንደ ነበርንና ዝም እንዳልን አስታወስናቸው። የዶሮው ቤት ከፋሲካ በፊት ተሠርቶ አለቀ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሸለምጥማጥ በወንፊቱ ቀዳዳ ገብቶ አንዲት ቄብ ወሰደ። እመቤቲቱም በስልክ ወቀሱን። ወንፊቱ በጠባብ ዐይን ተለውጦ አሁን ዘጠኝ ዶሮዎች ያድሩበታል።